ስለ አንድ የዘመቻ መጽሐፍ፤ ከደባርቅ ሆኖ ሲነበብ

የጦርነት ታሪክ የሚያነብ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚያነበው በጄኔራሉ ወንበር ተቀምጦ ነው። ካርታው ከፊቱ ተዘርግቷል፤ አንዱ ቀስት ከሰሜን ይመጣል፥ ሌላው ከደቡብ ይገናኘዋል፤ አንዱ ብርጌድ በቀኝ ሲዞር ሁለተኛው በግራ ይከባል፤ አንባቢውም «እዚህ ላይ ባይዘገይ ኖሮ» እያለ ከሞቱ ሰዎች ጋር ይማከራል። እንዲህ ያለው ንባብ ደስ ያሰኛል፤ አእምሮንም ይስላል፤ እኔ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ካርታው የራስን አገር የሚያሳይ በሆነ ጊዜ፥ ቀስቱም ያለፈው በአያት እርሻ ላይ በሆነ ጊዜ፥ ከጄኔራሉ ወንበር ወርዶ በእርሻው ድንበር ላይ ቆሞ ማንበብ ያስፈልጋል። በደባርቅና በዳባት፥ በስሜን ተራራ ግርጌም ላደገ ወጣት ይህ የውዴታ ነገር አይደለም።

አሁን የምናገርለት መጽሐፍ የእንግሊዝ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1942 ዓ.ም. ለንደን ላይ ያሳተመው የዘመቻ ታሪክ ነው። ጦርነቱ በሌላው ዓለም ገና እየነደደ ሳለ፥ የጎንደርም የባሩድ ሽታ ሳይጠፋ የወጣ ነው። በውስጡ የሚናገረው አንድ ሰው ሳይሆን መንግሥቱ ራሱ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሐበሻ ዘመቻዎች» ይላል፤ ከሥሩም «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ ድል ተደርጎ የተያዘበት ይፋ ታሪክ» የሚል ተጨምሮበታል።

ወጣቶች ሆይ፥ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት በዚህ ሽፋን ላይ ጥቂት ቆዩ። አገራችን በሁለት ስም ተጠርታለች፤ ሁለቱም ራሷን የምትጠራባቸው አይደሉም። አንደኛው የውጭ አገር ሰዎች ያወጡላት ነው፤ ሁለተኛው ጠላት በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማልያ ጋር ጠቅልሎ ሲይዝ የለጠፈባት ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ከርእሱ ውስጥ የለም። ደግሞ «ድል አድርጎ መያዝ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ ነጻ ማውጣት አላለም። አንድ ሰው የጎረቤቱን በሬ ከሌባ እጅ ቢያስጥል «በሬ አገኘሁ» ይላልን? «የጎረቤቴን በሬ አስጣልሁ» ይላል እንጂ። ይህ ከአንድ ጸሐፊ ብዕር ያመለጠ ቃል ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ራሱ አገሪቱን «የተያዘ የጠላት ግዛት» በሚል ስም ነበር የሚያስተዳድራት። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ ነገሩ በስምምነት የተወሰነው ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም በከፊል ነበር፤ ኦጋዴን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በእንግሊዞች እጅ ቆይቷል። ስለዚህ ሽፋኑ አልተሳሳተም፤ አሳታሚው የሚያስበውን በትክክል ጽፏል።

ይህን ከተናገርሁ በኋላ ለመጽሐፉ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አልፈልግም። ጦርነት በጀግንነት ብቻ እንደማይሠራ፥ ውሃ ያለበት ጉድጓድ፥ ስንቅ የሚሸከም መኪና፥ በጊዜው የተጠገነ ድልድይ ከሺህ ፉከራ እንደሚበልጥ ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ ይማሩታል። ከረን ላይ ከሰባት ሳምንት በላይ የተደረገውን ውጊያ የሚያነብ ሰው፥ ኢጣልያኖች ሁሉ እንደ ዶሮ ሲባረሩ የኖሩ አድርጎ ማሰቡን ይተዋል። የጠላትን ጽናት ሳይደብቁ መጻፍ ድል አድራጊውን አያሳንሰውም፤ ከፍ ያደርገዋል እንጂ። እኛ ፉከራ ወዳዶች ከዚህ የምንማረው አለን።

የዘመቻው አካሄድ በአጭሩ ይህ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንዱ ጦር ከሱዳን ወደ ኤርትራ፥ ሌላው ከኬንያ ወደ ሶማልያና ወደ ሐረር ዘመተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የሱዳንን ወሰን ተሻግረው ከጥቂት የእንግሊዝ መኰንኖችና ከሱዳን ወታደሮች ጋር በጎጃም በኩል መጡ። ከረን ወደቀች፥ አስመራ ተከተለች፥ ምጽዋም ተያዘች። ቀይ ባሕር ለመርከቦች ነጻ ሆነ። እንግሊዞች በመጀመሪያ የፈለጉት ዋና ነገር ይህ ነበርና የህንድንና የደቡብ አፍሪካን ክፍለ ጦሮች ቶሎ ወደ ግብጽ በረሃ ማንሣት ጀመሩ፤ በዚያ ጀርመኖች መጥተውባቸዋል። በግንቦትም የአኦስታው መስፍን በአምባ አላጌ እጁን ሰጠ። ጎንደር ግን ከጄኔራል ናሲ ጋር ቀረች። በዚህ ሚዛን ጎንደር የምትቸኩል ነገር አልነበረችም፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ብትቆይ ማንንም አትጎዳም።

እዚህ ላይ ነው ከወንበሩ መውረድ የሚያስፈልገው። ብትቆይ የምትጎዳው ማንን ነው?

እኛ ሚያዝያ 27 ቀን የድልን በዓል እናከብራለን። በዚያ ቀን በ1933 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በአዲስ አበባ ተተከለ፤ ይህ እውነት ነው፤ ክብሩም ትልቅ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከደባርቅ በላይ በወልከፊት አምባ ላይ የኢጣልያ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር፤ በዚያ ለሚኖረው ገበሬ ነገሩ ማለቁ ሳይሆን መጀመሩ ነበር። የወልከፊት ከበባ የተጀመረው በሚያዝያ መጨረሻ ነውና። አዲስ አበባ እልል ስትል ደባርቅ ምሽግ ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው። ነጻነት ለአንድ አገር ሰው ሁሉ በአንድ ቀን አይደርስም፤ እንደ ዝናም አንዱን ቀበሌ አርጥቦ ሌላውን ዘልሎ ይሄዳል። የቀን መቍጠሪያ ግን አንድ ቀን ብቻ ይመርጣል፤ አንባቢው ይህን ካላስተዋለ የራሱን አያቶች አምስት ወር ከታሪክ ያወጣቸዋል።

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ጥቂት ተጕዞ የሊማሊሞ ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ሰው፥ ከእግሩ ሥር ምድር በድንገት ስታልቅ ያያል። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው፥ ኢጣልያኖች የጠረቡት መንገድ እንደ ተጣለ ገመድ ይጠማዘዛል፤ ጭላዳዎች በገደሉ አፋፍ ሣር ይነቅላሉ፤ ከታች ቆላው በጉም ውስጥ ይዋልላል። እኔ መጽሐፉን ይዤ ወጥቼ ካርታውን ከመሬቱ ጋር ሳስተያይ ወዲያው የገባኝ ነገር፥ ይህን ታሪክ የጻፈው ዓይን ከታች ወደ ላይ የሚመለከት መሆኑ ነው። ከአስመራ በአድዋና በአክሱም አድርጎ፥ ተከዜን ተሻግሮ ለሚመጣ ጦር ወልከፊት ግድግዳ ነው። ጥቂት መድፍና መትረየስ በጫፉ ላይ ከተጠመደ የሚወጣ የለም። እንግሊዞች ወልከፊትን የማይደፈር ምሽግ አድርገው መጻፋቸው ስለዚህ ነው፤ ከቆሙበት ሲታይ እውነታቸውን ነው።

ነገር ግን ምሽግ ፊት ብቻ የለውም፤ ጀርባም አለው። የወልከፊት ጀርባ የደባርቅ ሜዳ ነው፤ ከዚያም ዳባት፥ ከዚያም አምባ ጊዮርጊስና የወገራ አምባ እስከ ጎንደር ድረስ። ገብስ የሚዘራበት፥ በግ የሚሰማራበት ለጥ ያለ ደጋ። በፊት በኩል ኢጣልያኑን የሚጠብቀው ገደል ነበረ፤ በጀርባ በኩል የሚጠብቀው ግን ምንም አልነበረም፤ የጎንደር መንገድ ክፍት ከሆነ ይበላል፥ ከተዘጋ ይራባል። ያን ጀርባ የዘጉት በመጀመሪያ አርበኞች ነበሩ፤ ሜጀር ሪንግሮዝ የሚባል አንድ የእንግሊዝ መኰንን ከእነርሱ ጋር ነበረ። በኋላ የህንድ የፑንጃብ ሻለቃና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ተጨመሩ። በእንግሊዝኛ የጦር ታሪኮች ዓረፍተ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው «በሜጀር ሪንግሮዝ የሚመሩ መደበኛ ያልሆኑ ተዋጊዎች» ተብሎ ነው። ሰዋስዉ ትክክል ነው። ስም ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀረው መደበኛ አለመሆኑ ብቻ ተነግሮለት ያልፋል።

ስለ ስም ካነሣን ዘንድ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ብዙ ትናገራለች። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ደባርቅንና ወልከፊትን በላቲን ፊደል ሲጽፉ «ከ»ን በሁለት ፊደል፥ «ሲ»ን ከ«ኤች» ጋር አጣምረው ይጽፏታል። ይህ የኢጣልያኖች አጻጻፍ ነው፤ በኢጣልያንኛ እነዚህ ሁለት ፊደላት ሲጣመሩ «ከ» ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ቸ» ነው የሚሆኑት። እንግዲህ የለንደን አንባቢ እሳት ዳር ተቀምጦ «ደባሬች»ና «ወልቼፊት» እያለ ያነብ ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ የሚባል አገር በዓለም ላይ የለም። ነገሩ ያስቃል። ነገር ግን ከሣቁ በኋላ ምክንያቱን ጠይቁ፤ እንግሊዞች አገሩን ያነበቡት ከጠላታቸው ካርታ ነው። ከደባርቅ ሰው አፍ ሰምቶ የጻፈ ሰው «ደባሬች» ሊል አይችልም። የአገሩ ሰው አብሮ እየተዋጋ፥ እየመራ፥ ስንቅ እየተሸከመ፥ የአገሩ ስም ግን ከተሸነፈው ወገን መዝገብ ተቀዳ።

የካርታው ባለቤቶች ኢጣልያኖችም በበኩላቸው ጽፈዋል። ማርሻል ባዶልዮ «የኢትዮጵያ ጦርነት» የሚለውን መጽሐፉን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. በሙሶሊኒ መቅድም አሳተመ። በዚያው ዓመት የፋሽስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው ስታራቼ በመኪና ወደ ጎንደር ስለ መጣበት ጕዞ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ነበርና። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ብዙ አልናገርም፤ በመኪና ተቀምጦ ስለ መሄድ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ራሱ በቂ ሒስ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሚላኖ ላይ ተገድሎ ሬሳው ከጌታው ሬሳ ጋር ተሰቀለ።

የባዶልዮ መጽሐፍ ግን ሊነበብ ይገባዋል፤ ጥሩ የጦር ሰው የጻፈው ነውና፥ የሚሰውረውንም በሥርዓት ነው የሚሰውረው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ሠራዊትና ከእርሱ ጋር የነበሩት የደጃዝማች አያሌው ብሩ የስሜንና የወገራ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ኢጣልያኖችን ወደ ኋላ ገፍተው ነበር። በደምበጊና ታንክ የገጠማቸው በጎራዴና በጠመንጃ ነበር። ከዚያ በኋላ በተከዜ ዳር ከአውሮፕላን የወረደው ነገር ከዚያ በፊት ያላዩት ነበር፤ ራስ እምሩ በኋላ ሲመሰክሩ፥ ከተሰበረው ዕቃ የፈሰሰው ውሃ መሰል ነገር የነካውን ሰው እጅና እግር፥ ፊትም ሳይቀር እንዳቈሰለ፥ እርሳቸውም ምን ትእዛዝ እንደሚሰጡ ግራ እንደ ገባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ነገር የሚናገር ምዕራፍ በባዶልዮ መጽሐፍ አትፈልጉ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ መጣሉን ያመነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት ከቆየ በኋላ። በተከዜ ዳር የቈሰሉት ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ሳይሰሙ ሞተዋል።

በባዶልዮ ዝምታና በእንግሊዙ መጽሐፍ ዝምታ መካከል ልዩነት አለ፤ አንባቢም ይህን መለየት አለበት። ባዶልዮ ያየውን ነው ያልጻፈው። እንግሊዙ ያልጻፈው ያላየውን ነው፤ ዓይኑ በመንገዱ ላይ ነበርና። የመጀመሪያው በፍርድ ይጠየቃል፤ ሁለተኛው በትዕግሥት ይሞላል። ሁለተኛውን ለመሙላት ደግሞ ከስሜን ግርጌ ልጅ የሚቀርብ የለም።

ለምሳሌ ያህል አንዱን ነገር እንሙላ። የጦር ታሪኮቹ ወልከፊት «ስንቁ አልቆበት» እጁን እንደ ሰጠ ይናገራሉ። ይህ ሁለት ቃል ነው። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ በዚህ ደጋ ላይ የኖረ ሰው ግን ሁለት ቃል አይበቃውም። ሰኔ የዘር ጊዜ ነው፤ ከጎተራ ያለው ገብስ ወደ መሬት ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናሙ አያቋርጥም፤ በረዶ ይወርዳል፤ ጉሙ ከሊማሊሞ ተነሥቶ ደጁን ይዘጋል፤ ጭቃው በቅሎ ያሰምጣል። በደኅናውም ዘመን ቢሆን ነሐሴ የገበሬ ሆድ የሚጎድልበት ወር ነው። በዚህ ላይ በምሽጉ ውስጥ አራት ሺህ ያህል አፍ ነበረ፤ በምሽጉ ዙሪያ ደግሞ የአርበኛው፥ የህንዱና የአፍሪካው ወታደር አፍ። ኢጣልያኖቹ እየወጡ ሲያጠቁ፥ ከባቢዎቹም ሲመልሱ የሚረገጠው ቡቃያ የማን ነው? የሚነዳው በግ የማን ነው? ስለዚህ «ስንቁ አለቀበት» የሚለውን ስታነቡ፥ ከምሽጉ ስንቅ አስቀድሞ ያለቀ ሌላ ስንቅ እንደ ነበረ አስቡ። የገበሬው ጎተራ በዘመቻ መጽሐፍ ውስጥ ምዕራፍ የለውም እንጂ ዘመቻ ሁሉ በእርሱ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ከህንድና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡትን ወታደሮችም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባናል። ከፑንጃብ ሜዳ፥ ከኬንያና ከኒያሳላንድ መንደር ተነሥቶ በስሜን ብርድ፥ በሐምሌ ዝናም ውስጥ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ሰው የራሱ አገር ነጻ አልነበረም። ለእኛ ነጻነት የሞተው ለራሱ ሳያገኘው ነው። የለንደኑ መጽሐፍ «የእኛ ጦር» ብሎ ይጠቀልለዋል፤ የእኛ የአርበኝነት መጻሕፍትም ብዙ ጊዜ «እንግሊዝ» ብለው ይጠቀልሉታል። በሁለቱም ወገን ስሙን አጥቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በመስቀል ሰሞን፥ በመስከረም 1934 ዓ.ም.፥ የወልከፊት አዛዥ ኮሎኔል ጎኔላ እጁን ሰጠ። የአውሮፓ መጽሐፍ «በሴፕቴምበር መጨረሻ» ብሎ ያልፋል፤ እኛ ግን ደመራው በተለኰሰበት ሰሞን መሆኑን ስናውቅ የሌላው አገር አንባቢ የማያየው ብርሃን ይታየናል። ከአምባው የወረዱት ምርኮኞች ቍጥር ተመዝግቧል። ኢጣልያኖቹ 1,629 ናቸው። ኢትዮጵያውያኑ 1,450 ናቸው።

ይህን ቍጥር ደግማችሁ አንብቡት። በምሽጉ ውስጥ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከቆዩት መካከል ግማሽ ለመሆን ጥቂት የጎደላቸው የአገራችን ሰዎች ነበሩ። በዙሪያው ሆነው ያስራቧቸውም የአገራችን ሰዎች ነበሩ። በአንዳንድ ሌሊት በምሽጉ ግንብ ግራና ቀኝ የሚሰማው ቋንቋ አንድ ነበረ፤ ምናልባትም ጸሎቱ አንድ ነበረ፤ ጾሙንም ሁለቱም ወገን ይጾሙት ነበር። የእንግሊዙ መጽሐፍ ይህን አያነሣም ብዬ አልወቅሰውም፤ የእርሱ ጉዳይ አይደለም። የምወቅሰው የእኛን ነው።

የእኛ የአርበኝነት መጻሕፍት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የሚለውን መጽሐፍ በ1949 ዓ.ም. ሲያሳትም፥ በለንደኑ መጽሐፍ ውስጥ በጅምላ ለታለፈው ሰው ስም የሚጠራበት ቦታ ከፍቷል። ርእሱ ራሱ መልስ ነው፤ እዚያ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» ተባለ፥ እዚህ ጎንደሬ ጋሻውን ይዞ ቆመ። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሰው ከነአባቱ ስምና ከነማዕርጉ ይጠራል፤ ውጊያው በየትኛው ወንዝና በየትኛው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደ ሆነ ይነገራል። ይህ ባይጻፍ ኖሮ ዛሬ ስለ አያቶቻችን የምናውቀው ከ«ደባሬች» በላይ ባልሆነ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1985 ዓ.ም. ባሳተሙት «ትዝታ» ከራስ እምሩ ጋር የዘመቱበትን ጊዜ ሲተርኩ ለአንባቢ ሌላ ትልቅ ውለታ ውለዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ዓይነት ጽሕፈታችን በጠቅላላው አንድ ልማድ አለው። ጠላት የሞተው ሁሌም ብዙ ነው፤ የእኛ ሰው የሞተው ሁሌም ጥቂት ነው፤ በጠላት ወገን የቆመው የአገር ሰው ደግሞ «ባንዳ» የሚል አንድ ስድብ ብቻ ይሰጠውና ይዘጋበታል። ስድቡ አልተገባውም አልልም። ወገኑን ያስገደለ፥ መንደር ያቃጠለ፥ በሹመትና በገንዘብ የተገዛ ነበረ። ግን ከ1,450ው ውስጥ በረኃብ የገባ አልነበረምን? አለቃው ገብቶ ተከትሎ የገባ፥ ከጎረቤቱ ጋር ደም ተቃብቶ መጠጊያ የፈለገ፥ በልጅነቱ ከኤርትራ ተመልምሎ ሌላ ጌታ ሳያውቅ ያደገ አልነበረምን? አንዱን ከሌላው የማይለይ መጽሐፍ ስለ ክህደት ምንም አያስተምርም። ክህደት እንዴት እንደሚጀመር፥ በየትኛው ትንሽ በር እንደሚገባ ወጣቱን ማስጠንቀቅ የሚችለው የአንዱን ሰው መንገድ ከመነሻው ተከትሎ የጻፈ መጽሐፍ ብቻ ነው። ስድብ ለዚህ አያገለግልም፤ ተሳዳቢውን ንጹሕ መስሎ እንዲታይ ብቻ ያደርገዋል።

ለዝምታው መልካም ምክንያት እንዳለውም አውቃለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲናገሩ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ነበር። በአንድ አጥቢያ የሚቀድስ፥ በአንድ ገበያ የሚውል፥ ልጁን ለልጁ የሚድር ሕዝብ ሁሉን ነገር እየቈጠረ መኖር አይችልም። ስለዚህ ተረሳ፤ ወይም የተረሳ መሰለ። ይህ ምሕረት ለሰዎቹ ተገቢ ነበረ፤ ብዙ ደም አድኗል። ነገር ግን ምሕረት የሚደረገው ለሰው ነው፤ መጽሐፍ ሲጻፍ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ዛሬ ሰዎቹ አልፈዋል፤ ልጆቻቸውም አርጅተዋል። አሁን ቢጻፍ የሚታሰር የለም፤ የሚያፍር ቢኖር ጥቂት ነው፤ የሚማር ግን ብዙ ነው።

ከወልከፊት በኋላ የሆነውን መጽሐፎቹ በደንብ ይነግሯችኋልና እኔ አላስረዝምም። ዝናሙ ካቆመ በኋላ የሰሜኑ መንገድ ተከፈተ። ቍልቋል በር ኅዳር 12 ቀን፥ በኅዳር ሚካኤል፥ ከከባድ ውጊያ በኋላ ተያዘች። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. አርበኞችና የኬንያ ብረት ለበስ መኪናዎች ጎንደር ገቡ፤ ጄኔራል ናሲም እጁን ሰጠ። የለንደኑ መጽሐፍ እዚህ ላይ ነው የሚዘጋው፤ ለእርሱ ዘመቻው አለቀ።

ይህን ሁሉ መጻፌ ለጥንት ነገር ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ መጨረሻ ጦርነት እንደ ገና እስከዚህ ግርጌ ደርሶ ነበር፤ በዳባት ወረዳ በጭና መሣሪያ ያልያዙ ሰዎች ተገደሉ። ስለዚያ ጦርነትም መጻሕፍት መጻፍ ጀምረዋል፤ ገናም ይጻፋሉ። ካርታ ይኖራቸዋል፥ ቀስትም ይኖራቸዋል። ግማሾቹ የድል አድራጊነት ይሆናሉ፥ ግማሾቹ የእሮሮ። እነዚያን መጻሕፍት የሚያነቡት ይህን ገጽ አሁን የሚያነቡት ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ይጽፏቸዋል። የጄኔራሉ ወንበር ለእነርሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።

ወደ ወልከፊት ልመለስና ልጨርስ። ኢጣልያኖቹ ምርኮኞች በመንገዱ ተጭነው ሄዱ፤ በዚያ ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ የተማረኩት ብዙዎቹ ኬንያ ወርደው በምርኮኛ ሰፈር ጦርነቱ እስኪያልቅ ቆይተዋል፤ መንገድ ሠርተዋል፥ አንዳንዶቹም ቤተ ጸሎት ሠርተዋል፤ ሲመለሱ መጽሐፍ የጻፉም አሉ። 1,450ዎቹን ግን ከአምባው ሲወርዱ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የምናያቸው። መስከረም ነው፤ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ያልተረገጠው ገብስ እሸት መያዝ ጀምሯል፤ አጨዳው ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል። ብዙዎቹ መቼም ወደ አጨዳው ሳይገቡ አልቀሩም፤ ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውምና። በዚያ ዓመት በኅዳር በደባርቅና በዳባት እርሻ ላይ ከበባ ያደረገውና የተከበበው በአንድ ደቦ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ማጭድ ይዘው ነበር ብዬ አስባለሁ።